ሳይቃጠል በቅጠል፦ የአውስትራሊያ የጫካ እሳት ብርጌዶች ትዝታ

በአውስትራሊያ ገጠር «የጫካ እሳት ብርጌድ» የሚባለው የጎረቤታሞች ማኅበር ነው። ስሙ የጦር ክፍል ያስመስለዋል እንጂ አባላቱ ከብት አርቢዎች፣ አስተማሪዎች፣ መካኒኮች፣ ባለሱቆችና ጡረተኞች ናቸው። ደመወዝ የላቸውም። የማስጠንቀቂያው ጩኸት ሲሰማ ላሟ ሳትታለብ፣ ሱቁ በቅጡ ሳይዘጋ ወደ እሳቱ ይሄዳሉ። በኢትዮጵያ ገጠር ሰው ለአጨዳና ለጎጆ ሥራ በደቦ እንደሚጠራ ሁሉ፣ ይህም ለእሳት የሚጠራ ደቦ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለበትም፤ ልዩነቱ የጥሪው ቀን አለመታወቁና መጠጡ የሚቀርበው ሥራው ካለቀ በኋላ ብቻ መሆኑ ነው።

ማኅበሩ ዘመኑን የሚቆጥረው በእሳት ስም ነው። የኢትዮጵያ አባቶች «ክፉ ቀን» ብለው ዘመን እንደሚለዩ፣ እዚያም ጥቁር ሐሙስ፣ ጥቁር ዓርብ፣ የዓመድ ረቡዕ፣ ጥቁር ቅዳሜ እየተባለ ዘመን ይለያል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከእያንዳንዱ ስም በስተጀርባ የሙታን ቁጥር አለ፤ ከቁጥሩ በስተጀርባ ደግሞ አንድ ደንብ ወይም አንድ መሣሪያ አለ። ዛሬ ለአዲስ ገብ የሚነገረው ትእዛዝ ሁሉ፣ ለማለት ይቻላል፣ ድሮ አንድ ቦታ ላይ ሰው የሞተበት ነው።

የዚያን አገር እሳት ጠባይ ለመረዳት የኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ነዳጁ ባሕር ዛፍ ነው። በ1890ዎቹ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ የገባውና የከተማዋን የማገዶ ችግር ያቃለለው ነጭ ባሕር ዛፍ ትውልዱ ታስማኒያና የአውስትራሊያ ደቡብ ምሥራቅ ነው። የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ከምጣድ ሥር ሲገባ እንዴት እንደሚንጣጣና ቦግ እንደሚል እንጀራ የጋገረ ሁሉ ያውቃል፤ ምክንያቱ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ያንን ቅጠል በሺህ ጋሻ መሬት ላይ፣ ከሥሩ የዓመታት ጭራሮና ቅርፊት ተከምሮ፣ የ40 ዲግሪ ሙቀትና ከበረሃ የሚነፍስ ነፋስ ታክሎበት ማሰብ ነው። ከግንዱ ተልጦ የሚንጠለጠለው ረጅም ቅርፊት ደግሞ እሳት ከያዘው በኋላ በነፋስ ይነሣና ከዋናው እሳት ኪሎ ሜትሮች ቀድሞ ይወድቃል፤ በክፉ ቀን ይህ ርቀት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ደርሷል። ዛፉ ራሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሞትም፤ ከግንዱና ከሥሩ ያቆጠቁጣል። የእንጦጦ እንጨት ለቃሚ በቆረጠው ቁጥር የሚያቆጠቁጥለት ዛፍ ይህን ጠባይ በትውልድ አገሩ የተማረው ከእሳት ነው።

የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች ቅርንጫፍና ጆንያ ነበሩ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአማርኛ ተረት እዚያ ቃል በቃል የሥራ መመሪያ ሆኖ ያገለግል ነበር፤ ለምለም ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ይቆረጥና የሣሩ እሳት በጠርዙ ይመታል። አመታቱ ጥበብ አለው። ከላይ ተወርውሮ የሚመታ ፍንጣሪውን በትኖ እሳቱን ያበዛዋል፤ ተጭኖ የሚያፍን ግን ያጠፋዋል። በውኃ የተነከረ የእህል ጆንያም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ የጓሳ ሣር ሲቃጠል ገበሬው የሚያነሣው ያንኑ ቅጠል ነው፤ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለውን ውቅያኖስ ያህል የተራራቁ ሰዎች አንድ ዓይነት መልስ ያገኙት ጥያቄው አንድ ስለሆነ ነው። መልሱ የሚያገለግለው ግን ነበልባሉ ከጉልበት በታች እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ሰው ወደ እሳቱ ሊጠጋ ስለማይችል፣ ቀድሞት ሄዶ ሣርና ቅጠሉን እስከ አፈሩ ድረስ ጠርጎ መስመር ማውጣት አለበት። ለዚህ ሥራ ዛሬም ከእጅ የማይለየው፣ በአንድ ወገን መንሽ መሰል ጥርስ በሌላው ወገን የዶማ ስለት ያለው ባለ ረጅም እጀታ መሣሪያ ነው። እሳት የሚበላው ነገር፣ አየርና ሙቀት ይፈልጋል፤ ውኃ በሌለበት ጫካ ሰው ሊነፍገው የሚችለው የሚበላውን ነው።

ጥቁር ሐሙስ የሚባለው ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1851 ነው። በዚያን ቀን በዛሬዋ የቪክቶሪያ ግዛት ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ተቃጠለ፤ 12 ሰዎች ሞቱ፤ ያለቀው በግ አንድ ሚሊዮን ያህል ተገምቷል። በዚያ ጊዜ ብርጌድ የሚባል ነገር አልነበረም፤ እያንዳንዱ የራሱን አጥር ይጠብቅ ነበር። ደንብና አለቃ ያለው የመጀመሪያው ብርጌድ የተቋቋመው በ1896 በኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ቤሪጋን በምትባል የገጠር ከተማ ነው። ያኔ አዲስ የነበረው ነገር መሣሪያው ሳይሆን ስምምነቱ ነበር፦ በጎረቤት ማሳ ላይ የተነሣ እሳት የሁሉም እሳት ነው የሚል። ከዚያ በኋላ የመጡት ሕጎች ይህንኑ ስምምነት ቀስ በቀስ ወደ ወረቀት ገለበጡት። በ1906 የአካባቢ አስተዳደሮች ብርጌድ እንዲያቋቁሙ ተፈቀደላቸው፤ በ1930 ደግሞ የጫካ እሳት ኃላፊዎችን እንዲሾሙ ሥልጣን አገኙ። የብርጌዱን አለቃ አባላቱ ራሳቸው ይመርጡት ነበር፤ በብዙ ቦታ ዛሬም እንዲሁ ነው።

ከሁሉም በላይ ጥልቅ ጠባሳ የተወው ጥቁር ዓርብ፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 1939 ነው። ድርቁ ረጅም ነበር፤ ወንዞች ወደ ኩሬነት ተለውጠው ነበር። በቪክቶሪያ ተራሮች ውስጥ፣ ከመንገድ ርቀው፣ የእንጨት መሰንጠቂያ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ሠራተኞቹ ከነቤተሰቦቻቸው እዚያው ጫካው መካከል በእንጨት ቤት ይኖሩ ነበር። ለሳምንታት እዚህም እዚያም ትናንሽ እሳቶች ይጨሱ ነበር፤ አንዱን ገበሬ መሬት ለመመንጠር፣ ሌላውን ከብት አርቢ ሣር እንዲያቆጠቁጥለት የለኮሱት ሲሆን፣ ዝናብ ያጠፋዋል ተብሎ የተተወም ነበር። ዝናቡ አልመጣም። በዚያ ዓርብ በሜልበርን ሙቀቱ 45.6 ዲግሪ ደረሰ፤ ከሰሜን የተነሣው ነፋስ ትናንሾቹን እሳቶች አገናኛቸው። 71 ሰዎች ሞቱ፣ 2 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ተቃጠለ፣ 69 መሰንጠቂያዎች ወደሙ። ዓመዱ ባሕር ተሻግሮ ኒው ዚላንድ ወረደ።

በአንዳንዶቹ መሰንጠቂያዎች አጠገብ ጉድጓድ ተቆፍሮ ነበር፤ ግንድ ተረብርቦበት፣ አፈር ለብሶ፣ በሩ ላይ እርጥብ ብርድ ልብስ የሚሰቀልበት። ሰዎች በዚያ ውስጥ እየታፈኑ፣ ብርድ ልብሱን እየተፈራረቁ ውኃ እያጠጡ፣ እሳቱ በላያቸው እስኪያልፍ ጠበቁ። የተረፉ ብዙ ናቸው። ደካማ የነበረው ጉድጓድ ግን መቃብር ሆነ። ጉድጓድ ያልቆፈሩ ባለ ፋብሪካዎች ወጪውን አስበው እንደነበር፣ ሠራተኞችም አንዳንዶቹ በሐሳቡ ይስቁ እንደነበር መገመት አይከብድም፤ ከአደጋ በፊት ጥንቃቄ ሁልጊዜ የፈሪ ሥራ ይመስላል።

ዳኛ ሊዮናርድ ስትሬተን የንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን ሆነው ተሾሙና በተቃጠሉት ከተሞች እየተዘዋወሩ ምስክር ሰሙ። የደን ሠራተኛው በገበሬው፣ ገበሬው በደን መሥሪያ ቤቱ፣ ከብት አርቢውም በሁለቱም ላይ አሳበበ። ዳኛው እውነቱን ማግኘት እንዳስቸገራቸው አልሸሸጉም፤ የምስክሩ ቃል በጎረቤት ፍርሃትና በጥቅም ተሸፍኖ ነበር። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ ያወጡት ዘገባ እሳቶቹ በአመዛኙ በሰው እጅ የተለኮሱ መሆናቸውን በግልጽ አስቀመጠ። ጫካውን በጥንቃቄና በልኩ አስቀድሞ ማቃጠል እንዲፈቀድ፣ በገጠሩ የተበታተነውም የእሳት መከላከል ሥራ በአንድ አካል ሥር እንዲሆን መከረ። አጣሪ ኮሚሽን ዘገባ አውጥቶ መደርደሪያ ላይ ሲያስቀምጥ የታየበት አገር ብዙ ነው፤ ይህኛው ዘገባ ግን በሥነ ጽሑፋዊ ጥራቱ ጭምር እስካሁን የሚነበብ ሆኗል።

ስትሬተን ያነሡት «በልኩ ማቃጠል» ለነጮቹ ሰፋሪዎች አዲስ ቢመስልም ለአገሬው ሰዎች አዲስ አልነበረም። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ብዙ አሥር ሺህ ዓመታት በኖሩበት መሬት ላይ እሳትን እንደ ማረሻ ይዘውት ኖረዋል። በቀዝቃዛው ወራት፣ ጤዛው ሳይለቅ ወይም ምሽት ላይ፣ ትንሽ ትንሽ ቁራጭ መሬት ይለኩሳሉ፤ እሳቱ በዝግታ እየተራመደ ጭራሮውን ይበላል፣ የዛፉን አናት አይነካም፣ ትንንሽ እንስሳትም ይሸሻሉ። የዘንድሮው ቁራጭ ለመጪው ዓመት እሳት ድንበር ይሆናል። የአርኪዮሎጂ ባለሙያው ሪስ ጆንስ በ1969 ይህን አሠራር በችቦ የሚሠራ እርሻ ብለው ሰየሙት። ሰፋሪዎቹ ሕዝቡን ከመሬቱ ሲያፈናቅሉ ከሰዉ ጋር ዕውቀቱንም አፈናቀሉ፤ በሄደው ችቦ ፋንታ ጫካው ጭራሮ አጠራቀመ። በብርጌዶቹ ታሪክ ውስጥ ይህ ክፍል ለረጅም ጊዜ አልተነገረም፤ አሁን አሁን አንዳንድ ብርጌዶች የነባሩን ሕዝብ ሽማግሌዎች እየጋበዙ ቀዝቃዛውን እሳት ከእነርሱ ይማራሉ።

ከ1943 እስከ 1944 በነበረው በጋ ቪክቶሪያ እንደገና ተቃጠለች፤ እሳቱ ያሎርን በሚባለው ስፍራ የድንጋይ ከሰል ማውጫውን ሲያገኝና የኤሌክትሪክ ኃይሉን ሲያሰጋ መንግሥት ከእንቅልፉ ነቃ። የገጠር የእሳት ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤት በ1944 ታውጆ በ1945 ሥራ ጀመረ። ኒው ሳውዝ ዌልስም በ1949 የራሷን የጫካ እሳት ሕግ አወጣች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አብቅቶ ነበርና ከሠራዊቱ የተረፉ ያረጁ የጭነት መኪናዎች በርካሽ ይሸጡ ነበር፤ ብርጌዱ አንዱን ገዝቶ ከኋላው በርሜል ወይም የቆርቆሮ ታንክ ይጭንበታል፣ ፓምፕ ይገጥምለታል፣ የእሳት መኪና ሆነ ማለት ነው። ገንዘቡ የሚሰበሰበው በጭፈራ ምሽት፣ በሎተሪ ዕጣና በበግ ጨረታ ነው።

የብርጌዱ ቤት ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነ አዳራሽ ነው። መኪናው አፍንጫውን ወደ ውጭ አድርጎ ይቆማል፤ ግድግዳው ላይ ካርታና የቀድሞ አለቆች ፎቶ፣ ጥጉ ላይ የሻይ ማፍያ አለ። በመደዳ የተሰቀሉት ካፖርቶች ጭስ ጭስ ይሸታሉ፤ ቢታጠቡም አይለቅም። ስልክ በየቤቱ ባልተስፋፋበት ዘመን የመንደሩ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ የብርጌዱ ደወል ነበረች፤ የማን መስመር ወዴት እንደሚደርስ፣ የትኛው ገበሬ የት ማሳ ላይ እንደዋለ የምታውቅ እርሷ ናት። ሴቶች በብዙ ብርጌዶች ለረጅም ጊዜ ወደ እሳቱ መስመር አይላኩም ነበር። ሳንድዊቹና ሻዩ ግን በእነርሱ እጅ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል ያደረ ሰው ጎህ ሲቀድ የሚያስታውሰው ነበልባሉን ሳይሆን ያንን ትኩስ ሻይ እንደሆነ በየብርጌዱ ይወራል። ዛሬ ሴቶች ቱቦ ይይዛሉ፣ መኪና ይነዳሉ፣ አለቃም ይሆናሉ።

ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ክፍል እሳቱ ከጠፋ በኋላ የሚመጣው ነው። ነበልባሉ ያልፋል፤ ጉቶው፣ የወደቀው ግንድና ሥሩ ግን ለቀናት ውስጥ ውስጡን ይነዳል። ፈቃደኞቹ በጀርባቸው የውኃ ታንክ አዝለው በጠርዙ እየተመላለሱ ፍም ፍሙን ይፈልጋሉ፤ እጃቸውን ወደ መሬት አቅርበው ሙቀቱን ይዳስሳሉ፣ ይቆፍራሉ፣ ያጠጣሉ፣ እንደገና ይዳስሳሉ። ጋዜጣ የማያነሣው፣ ፎቶ የማያምርለት ሥራ ነው። ረመጥ ዓመድ ለብሶ እንደሚያድር የምታውቅ የገጠር እናት ግን ለምን እንደሚሠራ ማብራሪያ አትፈልግም፤ እርሷ ለነገ እሳት ስትል የምታዳፍነውን እነርሱ ለዚያው ምክንያት ይቆፍሩታል።

በ1960ዎቹ አለን ማካርተር የተባሉ የደን እሳት ተመራማሪ የብርጌዶቹን ትዝታ ወደ ቁጥር ለወጡት። በመቶዎች የሚቆጠሩ የሙከራ እሳቶችን ለኩሰው ለኩ፤ ሙቀትን፣ የአየሩን ድርቀት፣ የነፋስን ፍጥነትና የድርቁን መጠን አገናኝቶ የእሳቱን አደጋ የሚያሳይ ክብ የካርቶን መለኪያ ሠሩ። ለመለኪያው ጣሪያ ያደረጉት 100 ነበር፤ 100 ማለት ጃንዋሪ 13 ቀን 1939 ማለት ነው። አገሪቱ ያየችው የመጨረሻው ክፉ ቀን የልኩ ዳር ሆነ። ከዚሁ ጥናት የወጣ፣ እያንዳንዱ ፈቃደኛ በቃሉ የሚይዘው አንድ ሕግም አለ፦ ዳገት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት በእጥፍ ያድጋል። ሰው ዳገት ሲወጣ ይደክማል፤ እሳት ግን ዳገት ሲያገኝ ይሮጣል። በፌብሩዋሪ 1967 በታስማኒያ፣ የነጭ ባሕር ዛፍ አገር በሆነችው ደሴት፣ ከሆባርት በላይ ካሉት ኮረብታዎች የወረደው እሳት 62 ሰዎችን ሲገድል የፈጀበት አምስት ሰዓት ያህል ነበር። ብዙዎቹ እሳቶች ያኔም በሰው እጅ የተለኮሱ ነበሩ።

የዓመድ ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1983፣ በምዕራባውያን ክርስቲያኖች የጾም መግቢያ ላይ ስለዋለ ስሙን ራሱ ይዞ መጣ። በቪክቶሪያ 47፣ በደቡብ አውስትራሊያ 28፣ በድምሩ 75 ሰዎች ሞቱ። ይህ እሳት ያስተማረው ስለ ነፋስ ነው። በዚያ አገር የክፉ ቀን ነፋስ መጀመሪያ ከሰሜን፣ ከበረሃው ይነፍሳል፤ እሳቱ እንደ ምላስ ጠባብና ረጅም ሆኖ ወደ ደቡብ ይዘረጋል። ከዚያ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ማታ፣ ቀዝቃዛው ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ድንገት ይመጣል። ሰው እፎይ የሚለው ያን ጊዜ ነው፤ ሞትም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። የምላሱ ጎን፣ አሥር ወይም ሃያ ኪሎ ሜትር የሚረዝመው፣ በአንድ ቅጽበት ግንባር ይሆናል። በአፐር ቢከንስፊልድ ከሁለት ብርጌዶች የመጡ 12 ፈቃደኞች በዚህ ዓይነት በመኪኖቻቸው አጠገብ አለቁ።

ስለ ነፋሱ መዞር ደንብ ወጣ፤ ሥልጠናም ተሰጠ። ከ15 ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 2 ቀን 1998፣ ሊንተን በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ያው ነፋስ እንደገና ዞረና አምስት ፈቃደኞች በአንድ መኪና ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ከእሳቱ ጎን ያለው ገና ያልተቃጠለ ቦታ የሙታን ቀጠና ይባላል፤ ፈቃደኛ ሁሉ ነፋሱ ቢዞር በየት በኩል ወደ ተቃጠለው መሬት እንደሚገባ ሳያውቅ እዚያ አይቆምም። የተቃጠለ መሬት ዳግም አይቃጠልምና። ከቦቴው ውኃም የተወሰነው ለራስ መጠበቂያ ይቀራል፤ የጎረቤት ቤት ፊት ለፊት እየነደደ እንኳ ያ ውኃ አይነካም። ይህን ደንብ ማውጣት ቀላል ነው። ባለቤቱን በስሙ የምታውቀው ቤት ሲነድ ቱቦውን ዘግቶ መቆም ግን ከእሳቱ ይከብዳል።

የብርጌዱ ሥራ ሌላ ግማሽ እሳት በሌለበት ጊዜ የሚሠራው ነው። በክፉ ቀን ለእያንዳንዱ ቤት አንድ መኪና አይደርስም፤ መንደርተኛው ይህን አስቀድሞ መስማት አለበት። ቪክቶሪያ በ1993 በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ጎረቤቶች በአንድ ቤት ተሰብስበው ዕቅድ የሚያወጡበትን አሠራር ጀመረች፤ የእድር ስብሰባን ያየ ሰው መልኩ አይጠፋውም። ሲሰበሰቡ የሚነጋገሩት ስለ ጀግንነት አይደለም፤ ስለ አሸንዳ ነው። በእሳት ከሚጠፉት ቤቶች አብዛኞቹን የሚያቃጥላቸው ግዙፉ ነበልባል ሳይሆን በነፋስ የሚመጣ ፍንጣሪ ነው። በአሸንዳ ውስጥ በተጠራቀመ ቅጠል ላይ ያርፋል፣ በቆርቆሮው ክፍተት ወደ ጣሪያ ሥር ይገባል፣ በረንዳ ላይ የተተወ የእግር መጥረጊያ ያያይዛል፤ እሳቱ ካለፈ ከሰዓታት በኋላ ቤቱ ከውስጥ ይነሣል። ስለዚህ አሸንዳ ይጠረጋል፣ ማገዶ ከግድግዳ ይርቃል፣ ሣር ይታጨዳል። ልብሱም ጥጥ ወይም ሱፍ ይሁን ይባላል፤ ናይለን ቀልጦ ከቆዳ ይጣበቃል። በዚህ በኩል የመንዝ በርኖስ ከብዙ ዘመናዊ ጃኬት ይሻላል።

ለብዙ ዓመታት ምክሩ «ተዘጋጅተህ ቆይ፣ ወይም በጊዜ ውጣ» የሚል ነበር። ከቀድሞዎቹ እሳቶች የተገኘ ማስረጃ ነበረው፦ ሰዎች በብዛት የሚሞቱት በመጨረሻዋ ደቂቃ በመኪና ሲሸሹ በጭስ ውስጥ መንገድ እየጠፋቸው ነው፤ በሰው የተጠበቀ ቤት ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009፣ ጥቁር ቅዳሜ፣ ይህን ምክር ፈተነው። ሜልበርን 46.4 ዲግሪ ደረሰች፤ የ1939 ክብረ ወሰን ተሰበረ። የማካርተር መለኪያም ከ100 አለፈ፤ ከልኩ ዳር ወዲያ ምን እንዳለ የሚያስታውስ አልነበረም። አንዱ ትልቅ እሳት የተነሣው ያረጀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተበጥሶ ነው። ኪንግሌክንና ስትራትዌንን በላ፤ ማሪስቪልን የበላው ሌላ እሳት ነበር። 173 ሰዎች ሞቱ፤ ከሁለት ሺህ በላይ ቤቶች ወደሙ። ሌላ ቦታ እሳት ሊያጠፉ የሄዱ ፈቃደኞች የራሳቸው ቤት በሌሉበት ተቃጠለ። ማስጠንቀቂያው በብዙ ቦታ ከእሳቱ ኋላ ደረሰ፤ ሰዉ እሳት መምጣቱን ያወቀው ሰማዩ ሲጠቁር ነው። አብዛኞቹ የሞቱት ሊጠብቁት ወይም ሊጠለሉበት በገቡት ቤት ውስጥ ነበር።

በዳኛ በርናርድ ቲግ የተመራው ኮሚሽን በ2010 ዘገባውን በ67 ምክሮች አወጣ። «ቆይ ወይም ውጣ» የሚለው የቀድሞ ምክር ሙሉ በሙሉ ባይሻርም ወሰን ተበጀለት፤ በአደጋ መለኪያው ላይ ከሁሉም በላይ የሆነ አዲስ ደረጃ ተጨመረ፣ በዚያ ደረጃ ቀን ቆይቶ መከላከል እንደ አማራጭ አይቆጠርም። «በጊዜ» የሚለው ቃልም ትርጉም ተሰጠው፤ ጭስ ሲታይ ማለት ሳይሆን ከዋዜማው ማታ ወይም በማለዳ ማለት ነው። ያን ያህል ቀላል ቃል በትክክል እስኪተረጎም ይህን ያህል ሰው ማለቁ ከዚህ ታሪክ ሁሉ መራራው ነው።

አስቀድሞ በልኩ የማቃጠሉ ሥራም የራሱ ዋጋ አለው። በጁን 2000፣ ከሲድኒ በስተሰሜን በሚገኘው የኩሪንጋይ ቼዝ ብሔራዊ ፓርክ፣ ለጥንቃቄ የተለኮሰ እሳት አራት የፓርክ ሠራተኞችን ገደለ። ከሟቾቹ የአንዱ ልጅ ሼን ፊትዝሲመንስ ይባላሉ፤ በኋላ የኒው ሳውዝ ዌልስ የገጠር እሳት አገልግሎት ኮሚሽነር ሆኑ። አገልግሎቱ 70 ሺህ ያህል ፈቃደኞች ያሉት፣ በዓለም ትልቁ የበጎ ፈቃድ እሳት ድርጅት ነው። ከ2019 እስከ 2020 በነበረው ጥቁር በጋ፣ ዛፍ ወድቆ መኪናቸውን ገልብጦ ከሞቱት ሁለት ወጣት አባቶች በአንዱ ቀብር ላይ ኮሚሽነሩ ከሟቹ ሕፃን ልጅ ፊት ተንበርክከው የአባቱን ሜዳልያ ደረቱ ላይ ሰኩለት። አባቱን በዚሁ ሥራ ያጣ ሰው እጅ ነበር።

ያ በጋ ወራት ፈጀ። በኦክቶበር መጨረሻ በመብረቅ የተለኮሰው የጎስፐርስ ተራራ እሳት ብቻውን ከ500 ሺህ ሄክታር በላይ በላ። በማላኩታ የባሕር ዳርቻ ከተማ በዓመቱ መጨረሻ ማለዳ ወደ አራት ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከእሳቱ ሸሽተው ውኃው ዳር ቆሙ፤ በኋላም የባሕር ኃይል መርከብ መጥታ ከሺህ በላይ የሚሆኑትን አወጣች። በአገሪቱ 33 ሰዎች በእሳቱ ሞቱ፤ ከሦስት ሺህ በላይ ቤቶች ጠፉ፤ የተቃጠለው መሬት ከ24 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሆነ። በኒው ሳውዝ ዌልስ ከ240 ቀናት በኋላ አንድም እሳት የሌለበት ቀን የመጣው በማርች 2020 መጀመሪያ ነበር፤ ያመጣውም ዝናብ ነው።

ያን ያህል የረዘመ ጥሪ ለብርጌዱ አዲስ ነበር። ደቦ የአንድ ሁለት ቀን ነገር ነው፤ የወራት ደቦ ግን ጎተራ ያራቁታል። በዲሴምበር 2019 መጨረሻ የፌዴራሉ መንግሥት በኒው ሳውዝ ዌልስ ከ10 ቀን በላይ ለተሰለፉና ገቢያቸው ለተቋረጠ ፈቃደኞች እስከ 6,000 ዶላር እንዲከፈል ወሰነ። አንዳንዶች ተቀበሉ፤ ሌሎች ገንዘቡ ሥራውን ቅጥረኛ ያደርገዋል ብለው አጉረመረሙ። ይህ ክርክር ከሌላ የቆየ ቅሬታ ጋር ይገናኛል። ሽማግሌ ገበሬዎች ድሮ በራሳቸው ፒክአፕ ላይ ታንክ ጭነው እንደሄዱ፣ ዛሬ ግን የምስክር ወረቀት፣ የራስ ቁርና የሬዲዮ ፈቃድ እንደሚጠየቁ ያነሣሉ፤ እነርሱ እየታገዱ ሳለ መሬቱን የሚያውቅ የለም ይላሉ። እውነት አላቸው። ሊንተንን የሚያስታውስም እውነት አለው። በዚህ ላይ የገጠሩ ወጣት ወደ ከተማ እየሄደ፣ በብዙ ብርጌድ የቀሩት ፀጉራቸው የሸበተ ናቸው።

በሴፕቴምበር 2022 የአደጋው መለኪያ ለአገሪቱ ሁሉ አንድ ሆነ፤ ደረጃዎቹም አራት ብቻ ሆኑ። የማካርተር የካርቶን ክብና 100 የምትለው ቁጥር በጡረታ ተሰናበቱ። በገጠር መንገድ ዳር ግን ያው ግማሽ ክብ ምልክት ቆሟል፤ ከአረንጓዴ ተነሥቶ በቢጫና በብርቱካን ቀለም አልፎ በጥቁር ቀይ የሚያልቅ። በአንዳንዱ ከተማ መርፌው በኤሌክትሪክ ይዞራል። በብዙ ትናንሽ መንደሮች ግን በእሳቱ ወራት የዕለቱ ትንበያ እንደተነገረ አንድ ፈቃደኛ ይሄድና መርፌውን በእጁ አዙሮ ወደ ሥራው ይመለሳል።